ከርነል ኮድ ውስጥ የሜሞሪ ምደባ ወጪን መቀነስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መልሶቹ የሊኑክስ ከርነል ድራይቨር ወይም ሞጁል ለሚጽፉ ናቸው። ቁጥሮቹ ባለ 64 ቢት ኤክስ86 ማሽንንና 4096 ባይት ፔጅን ታሳቢ ያደርጋሉ፤ ሌላ ማሽን ሲሆን ይገለጻል። የፈንክሽንና የፍላግ ስሞች ሲጠሩ እንደሚሰሙት ተጽፈዋል። «የደራ መስመር» የምንለው በሰከንድ ሺህ ወይም ሚሊዮን ጊዜ የሚኬድበትን ኮድ ነው፦ ፓኬት መቀበያውን፣ የዲስክ ጥያቄ ማስተናገጃውን፣ የኢንተረፕት ሥራውን።

ኬማሎክ (የከርነሉ ዋና የሜሞሪ መመደቢያ ፈንክሽን) ፈጣን ነው ይባላል። ታዲያ ምኑ ነው የሚከብደው?

ፈጣን መሆኑ እውነት ነው፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ዛሬ ከርነሉ የሚሠራበት መዳቢ ስለብ ይባላል። በ2007 በቨርዥን 2.6.22 የገባ ሲሆን፣ ስሎብ በ6.4፣ አሮጌው ስላብ ደግሞ በ6.8 ከወጡ በኋላ ብቻውን ቀርቷል። ስለብ ለእያንዳንዱ ሲፒዩ የነፃ ኦብጀክቶች (የሚመደቡ የሜሞሪ ቁራጮች) ዝርዝር ይይዛል። ዝርዝሩ ላይ ኦብጀክት ካለ ያለምንም ሎክ፣ በአንድ የማወዳደርና የመተካት ኢንስትራክሽን አንስቶ ይሰጣል። ይህ አቋራጩ ነው። ዝርዝሩ ባዶ የሆነ ዕለት ግን ዙሪያ ጥምጥሙ ይጀምራል፦ በከፊል የተያዙ ስላቦችን (ኦብጀክቶች የሚቆረጡባቸውን ፔጆች) መፈለግ፣ የኖዱን (የሲፒዩዎችና የቅርብ ሜሞሪያቸውን ቡድን) ሎክ መያዝ፣ ስላቦቹም ካለቁ ቡዲ ከሚባለው የፔጅ መዳቢ አዲስ ፔጅ መጠየቅ፣ ሜሞሪ ከጠበበ ደግሞ ሌሎች የያዙትን ፔጅ ማስለቀቅ። አንድ የኬማሎክ ጥሪ አንዴ በናኖሰከንዶች፣ አንዴ በሚሊሰከንዶች የሚመለሰው ለዚህ ነው።

በጀቱ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ የ10 ጊጋቢት ኔትወርክ ካርድ በደንብ ያሳያል። ትንሹ የኢተርኔት ፍሬም ሽቦው ላይ ከነማስተዋወቂያውና ከነክፍተቱ 84 ባይት ይይዛል። ካርዱ ሲሞላ በሰከንድ 14.88 ሚሊዮን ፍሬም ይመጣል፤ ለአንዱ የሚደርሰው 67.2 ናኖሰከንድ ነው። 3 ጊጋኸርዝ በሆነ ሲፒዩ ይህ 200 ሳይክል ገደማ ነው። ከዚህ ውስጥ ለእያንዳንዱ ፓኬት ሁለት ሦስት ምደባና ያንኑ ያህል መልቀቅ ካለ፣ አቋራጩ እንኳን ቢሳካ ለዋናው ሥራ የሚተርፈው ትንሽ ነው። በሲፒዩው ካሽ ውስጥ ያልተገኘ አንድ ንባብ ዋናው ሜሞሪ ድረስ ከሄደ ደግሞ ብቻውን በጀቱን ሊጨርሰው ይችላል።

ኮዴን ያዘገየው ምደባው መሆኑን በምን አውቃለሁ?

በመለካት ብቻ። በቅድሚያ የሚለካበት ከርነል ንጹሕ መሆኑን ያረጋግጡ። ካሳን፣ ኬሜምሊክ ወይም የስላብ ዲበግ የሚባሉት የሜሞሪ ስህተት መፈለጊያዎች በርተው የተገኘ ቁጥር ለውሳኔ አይበቃም፤ እያንዳንዱን ምደባ ብዙ እጥፍ ያከብዱታል። ከዚሁ ዓይነት የሆነው ኬፌንስ ግን በናሙና ስለሚሠራ ያን ያህል አያስቸግርም።

ከዚያ የትኛው ፈንክሽን የሲፒዩውን ጊዜ እንደሚወስድ የሚያሳየውን «ፐርፍ ቶፕ» ይክፈቱ። ኬሜም_ካሽ_አሎክ፣ ኬማሎክና መልቀቂያው ኬፍሪ ከላይ ከታዩ የምደባ ብዛት አለ ማለት ነው። ስላብ_አሎክ በፊቱ ሦስት ሰረዝ ይዞ፣ ስላብ_ፍሪ በፊቱ ሁለት ሰረዝ ይዞ ከላይ ከታዩ ግን ችግሩ ብዛቱ ብቻ ሳይሆን ዙሪያ ጥምጥሙ ነው። ሁለቱ መድኃኒታቸው ስለሚለያይ ይህን ልዩነት ማየት ግድ ነው። ፔጅ የሚያጸዳው ፈንክሽን ወይም ሜምሴት ከላይ ከወጣ ደግሞ ወጪው ዜሮ መሙላቱ ላይ ነው፤ ከታች የተለየ መልስ አለው።

ቀጥሎ «ፐርፍ ስታት»ን በኬሜም፡ኬማሎክና በኬሜም፡ኬሜም_ካሽ_አሎክ ትሬስፖይንቶች (ከርነሉ ውስጥ በተተከሉ የመከታተያ ነጥቦች) ላይ ለ10 ሰከንድ ያስኪዱ። ያገኙትን ቁጥር በዚያው 10 ሰከንድ ባለፈው ፓኬት ወይም የዲስክ ጥያቄ ብዛት ያካፍሉት። «በአንድ ፓኬት 3 ምደባ» ዓይነት ቁጥር በእጅ ከሌለ መሻሻልም መበላሸትም አይታወቅም።

በመጨረሻ ጠሪውን ለማግኘት «ፐርፍ ኬሜም ሪኮርድ»፣ ከዚያ «ፐርፍ ኬሜም ስታት» በጠሪ ተደርድሮ። ሠንጠረዡ ለእያንዳንዱ የጥሪ ቦታ የተጠየቀውን ባይት፣ የተሰጠውን ባይት፣ የጥሪውን ብዛት፣ «ፒንግ ፖንግ» የሚባለውንና የባከነውን በመቶኛ ያሳያል። ፒንግ ፖንግ ማለት በአንድ ሲፒዩ ተመድቦ በሌላ የተለቀቀ ነው፤ ይህን ዓምድ ብዙዎች ዘለውት ያልፋሉ፣ ብዙ ጊዜ ግን መልሱ እዚያ ነው።

ከርነሉ በስለብ_ስታትስ አማራጭ ከተገነባ በሲስ ፋይል ሲስተም የስላብ ዳይሬክተሪ ሥር እያንዳንዱ ካሽ (እዚህ ላይ ለአንድ ዓይነት ኦብጀክት የተለየ የስለብ ክምችት እንጂ የሲፒዩው ካሽ አይደለም) አቋራጩን ስንት ጊዜ፣ ዙሪያውን ስንት ጊዜ እንደሄደ ይቆጥራል። ቆጠራው ራሱ ስለሚያዘገይ ለምርመራ እንጂ ለመጨረሻው ልኬት አይጠቀሙበት።

ከየት ልጀምር? የትኛው ለውጥ ነው ብዙ የሚያተርፈው?

ምደባውን ማፋጠን ሁለተኛ ነው፤ አንደኛው ከደራው መስመር ማስወጣት ነው። የራሴን ካሽ ልክፈት ብለው ከሚጀምሩ አብዛኞቹ ኮዱን አንዴ በጥሞና ቢያነቡት ምደባው ጭራሽ እንደማያስፈልግ ያገኙት ነበር። የሚፈለጉት ቦታዎች እነዚህ ናቸው።

ሉፕ ውስጥ ተመድቦ እዚያው ሉፕ ውስጥ የሚለቀቅ ጊዜያዊ ቦታ። ከሉፑ በላይ አንዴ ይመደብ፣ በየዙሩ እንደገና ይሥራ። መሣሪያው ሥራ ሲጀምር ተመድቦ ሲዘጋ የሚለቀቅ ከሆነ ደግሞ የበለጠ ይሻላል።

አብረው የሚወለዱና አብረው የሚሞቱ ስትራክቸሮች። አንዱ ስትራክቸር ወደ ሌላው በፖይንተር ከሚያመለክት፣ ሁለተኛውን በአንደኛው ሆድ ውስጥ እንዳለ ያስቀምጡት። የከርነሉ ሊስት፣ ቀይ ጥቁር ዛፍ፣ ወርክ ስትራክትና ታይመር ሁሉ የተሠሩት እንዲህ እንዲቀመጡ ነው፤ ኮንቴይነር_ኦፍ ከሆዱ ወደ ባለቤቱ ይመልሳል። ሥራ ለወርክኪው በተሰጠ ቁጥር አዲስ ወርክ ስትራክት የሚመድብ ኮድ ብዙ ጊዜ ይህን ከዘነጋ ሰው የመጣ ነው።

ራስጌና ተከታይ ድርድር። ራስጌውን ለብቻ፣ ድርድሩን ለብቻ ከመመደብ ይልቅ ድርድሩን መጠኑ ሳይጻፍ የስትራክቸሩ የመጨረሻ ፊልድ ያድርጉትና መጠኑን በስትራክት_ሳይዝ ያስሉ። ሁለት ምደባ አንድ ይሆናል፣ ሁለት መልቀቅ አንድ ይሆናል፣ አንድ ፖይንተር ተከትሎ መሄድም ይቀራል። ስሌቱን በእጅ በማባዛት አይሥሩት፤ ቁጥሩ ከውጭ የመጣ ከሆነ ሞልቶ ሊፈስና የሚመደበው ቦታ ከሚጻፍበት ሊያንስ ይችላል። ስትራክት_ሳይዝ ሲሞላ ትልቁን ቁጥር ስለሚመልስ ምደባው በሰላም ይከሽፋል።

260 ባይት ስጠይቅ በእርግጥ ስንት ይሰጠኛል?

512። ኬማሎክ የሚሰጠው በልክ ሳይሆን በቁና ነው፦ 8፣ 16፣ 32፣ 64፣ 96፣ 128፣ 192፣ 256፣ ከዚያ በእጥፍ እስከ 8192 ባይት። ከዚያ በላይ የሆነው በቀጥታ ወደ ፔጅ መዳቢው ይሄዳል፣ እሱም በእጥፍ ነው የሚያስበው። 4100 ባይት የጠየቀ 8192 ይይዛል፤ 33 ኪሎባይት የጠየቀ 64 ኪሎባይት።

ብክነቱ የሜሞሪ ብቻ አይደለም፣ የፍጥነትም ነው። 512 ባይት የሆኑ ኦብጀክቶች ከአንድ ፔጅ 8 ብቻ ይወጣሉ። ስለዚህ ነፃ ዝርዝሩ ቶሎ ያልቃል፣ ዙሪያ ጥምጥሙም ቶሎ ቶሎ ይመጣል። ባለ 260 ባይቱን በራሱ ካሽ ቢያስቀምጡት ወደ 264 ይጠጋጋና ከአንድ ፔጅ 15 ይወጣሉ። ካሹን ከመክፈት በፊት ግን «ፓሆል» የሚባለውን መሣሪያ በሞጁሉ ፋይል ላይ ያስኪዱ። በፊልዶች መካከል ኮምፓይለሩ የተዋቸውን ክፍተቶች ባይት በባይት ያሳያል። አንድ ባይት የሆነ ፊልድ በሁለት ፖይንተሮች መካከል ከገባ 7 ባይት ባዶ ይተዋል። ፊልዶቹን ከትልቅ ወደ ትንሽ በመደርደር 4 ባይት ብቻ ቢያተርፉ ስትራክቸሩ 256 ይሆንና ከአንድ ፔጅ 16 ይወጣል፤ አዲስ ካሽ ከሚሰጠው ይበልጣል፣ አንዲት የምደባ መስመር ሳትነካ።

በአርም 64 ላይ ሌላ ነገር አለ። እስከ ቨርዥን 6.4 ድረስ ትንሹ የኬማሎክ ቁና እዚያ 128 ባይት ነበር፤ ምክንያቱም ማንኛውም ኦብጀክት ለዲኤምኤ (መሣሪያው በራሱ ሜሞሪ ለሚያነብበትና ለሚጽፍበት መንገድ) ሊውል ይችላል ተብሎ ይታሰብ ነበር። 6.5 ላይ ይህ ተስተካክሏል። በአሮጌ ከርነል የሚሄድ አርም ቦርድ ላይ ብዙ 16 ባይት ኦብጀክቶች የሚመድብ ኮድ ካለዎት የሚበሉት ሜሞሪ ስምንት እጥፍ ነው።

የራሴን ካሽ መክፈት የሚገባኝ መቼ ነው? እንዴትስ?

ሦስት ነገር ሲገጥም፦ ኦብጀክቱ አንድ ዓይነትና አንድ መጠን ያለው፣ ብዛቱ በሺዎች የሚቆጠር፣ መጠኑም ከኬማሎክ ቁናዎች ጋር የማይስማማ ሲሆን። መሣሪያው ሲነሳ 20 ጊዜ ተመድቦ ለሚቀር ነገር ካሽ መክፈት ጥቅም የለውም።

አሠራሩ አጭር ነው። ሞጁሉ ሲጫን በኬሜም_ካሽ_ክሪኤት ስም፣ መጠን፣ አሰላለፍና ፍላግ ይሰጣሉ፤ የተመለሰው ባዶ ፖይንተር ከሆነ ሞጁሉ ሜሞሪ አጠረ ብሎ ይመለሳል። በደራው መስመር ኬሜም_ካሽ_አሎክና ኬሜም_ካሽ_ፍሪ ይጠራሉ። ሞጁሉ ሲወጣ ኦብጀክቶቹ ሁሉ ከተለቀቁ በኋላ ኬሜም_ካሽ_ዲስትሮይ ይጠራል። አንድ ኦብጀክት እንኳን ከቀረ ከርነሉ ማስጠንቀቂያ ይጽፋል፣ ካሹም በትክክል አይፈርስም። ኦብጀክቶቹ በኮል_አርሲዩ (አንባቢዎች ሁሉ እስኪጨርሱ መልቀቁን በሚያዘገየው ጥሪ) የሚለቀቁ ከሆነ ከማፍረስ በፊት አርሲዩ_ባሪየር መጥራት ግዴታ ነው፤ ካልሆነ ሞጁሉ ከሜሞሪ ከወጣ በኋላ የመልቀቂያ ፈንክሽኑ ይጠራል፣ ከርነሉም ይወድቃል።

ስላብ_ኤችደብሊውካሽ_አላይን የሚባለው ፍላግ እያንዳንዱን ኦብጀክት በ64 ባይት የካሽ መስመር ላይ ያስጀምረዋል። የተለያዩ ሲፒዩዎች ጎረቤት ኦብጀክቶችን እየጻፉ ሲጋፉ ይጠቅማል። ዋጋው ግን መጠኑ ነው፦ ያው 260 ባይት 320 ይሆንና ከአንድ ፔጅ የሚወጣው ከ15 ወደ 12 ይወርዳል። በአንድ ሲፒዩ ብቻ ለሚነካ ኦብጀክት አያስፈልግም።

ካሽ ከፍቼ ነበር፣ የካሾች ዝርዝር ባለበት ስላብኢንፎ ፋይል ላይ ግን ስሙን አላገኘሁትም። ለምን?

ስለብ መጠናቸውና ፍላጋቸው የሚቀራረብ ካሾችን ያዋህዳል። የእርስዎ ካሽ ከሌላ ጋር አንድ ሆኖ በዚያኛው ስም እየሠራ ነው። ይህ ስህተት አይደለም፤ ነገር ግን «ለብቻዬ ካሽ ስላለኝ እፈጥናለሁ» የሚለው ሐሳብ እንደማይሠራ ያሳያል። ለምርመራ ለየብቻ ማየት ከፈለጉ ከርነሉን ስላብ_ኖመርጅ በሚል የማስነሻ ቃል ያስነሱት። ኮንስትራክተር ያለው ካሽ አይዋሃድም።

ስለ ኮንስትራክተሩም አንድ ነገር፦ የሚጠራው በየምደባው አይደለም፣ አዲስ ስላብ ሲፈጠር ነው። ስለዚህ ኦብጀክቱ ሲለቀቅ ኮንስትራክተሩ ባዘጋጀው ሁኔታ ላይ መሆን አለበት፦ ስፒንሎኩ ክፍት፣ ሊስቱ ባዶ። ጄፍ ቦንዊክ በ1994 ለሰን ሶላሪስ የስላብን ሐሳብ ሲያቀርብ ዋናው ነጥብ ይህ ነበር፤ ሎክና ሊስት እየደጋገሙ ከማዘጋጀት አንዴ የተዘጋጀውን መልሶ መጠቀም። ኮንስትራክተር ካለው ካሽ ዜሮ የተሞላ ኦብጀክት አይጠየቅም፤ ሁለቱ ይጣረሳሉ።

ትንሽ ቦታ ከሆነ ስታክ ላይ ባስቀምጠውስ?

ጥሩ ነው፣ እስከ ጥቂት መቶ ባይት። የከርነል ስታክ ከ2014 ጀምሮ፣ ማለትም ከ3.15 ወዲህ፣ 16 ኪሎባይት ነው። ይህን ግን የሚካፈለው የሲስተም ኮሉ፣ የፋይል ሲስተሙ፣ የብሎክ ክፍሉና የእርስዎ ድራይቨር አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው ነው። በ64 ቢት ከርነል አንድ ፈንክሽን ከ2048 ባይት በላይ ስታክ ከያዘ ኮምፓይለሩ ያስጠነቅቃል። ማስጠንቀቂያውን በቅንብር ማጥፋት መፍትሔ አይደለም። መጠኑ በሥራ ጊዜ የሚወሰን የስታክ ድርድርም ከከርነሉ በ2018 ጠቅልሎ ወጥቷል። ከሁሉ በላይ፣ ስታክ ላይ ያለ ቦታ ለዲኤምኤ አይሰጥም፤ ስታኩ በቪማሎክ ክልል (ተከታታይ ባልሆኑ ፔጆች ላይ) የሚቀመጥ ሲሆን የአድራሻ ትርጉሙ ይበላሻል።

ስፒንሎክ ይዤ ምደባ ያስፈልገኛል። ጂኤፍፒ_አቶሚክ የሚባለውን የምደባ ፍላግ ብጠቀም አይበቃም?

ይሠራል፣ የመጀመሪያ ምርጫ መሆን ግን የለበትም። ጂኤፍፒ_ከርነል ሜሞሪ ሲጠብ ተኝቶ መጠበቅ ይችላል፤ ሎክ ይዞ መተኛት ደግሞ ክልክል ነው። ጂኤፍፒ_አቶሚክ አይተኛም፤ በምትኩ ለክፉ ቀን ከተቀመጠው ክምችት ይቀነጭባል፣ ከጠፋም ወዲያው ይከሽፋል። ጭነት ሲበዛ፣ ማለትም ምደባው በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት፣ የሚከሽፈው እሱ ነው።

የተሻለው አካሄድ ሎኩን ከመያዝ በፊት በጂኤፍፒ_ከርነል መመደብ፣ ሎኩን ይዞ ማስገባት፣ ሳያስፈልግ ከቀረ ሎኩን ለቅቆ ኬፍሪ ማድረግ ነው። በዚህ ሎኩ የሚያዝበት ጊዜም ያጥራል፤ ብዙ ጊዜ ትልቁ ትርፍ ይህ ነው። ሎኩ ሳይያዝ የተጣራ ሁኔታ ሎኩ ሲያዝ ተለውጦ ሊገኝ ስለሚችል ግን እንደገና ማጣራት አይዘንጉ። ለምሳሌ በዚያው ቁልፍ ሌላ ሰው ቀድሞ አስገብቶ ከሆነ የእርስዎን ይልቀቁት።

በልማት ጊዜ ዲበግ_አቶሚክ_ስሊፕ የሚባለውን አማራጭ ያብሩ። በተሳሳተ ቦታ የሚተኛ ጥሪን ሜሞሪ ባይጠብም እንኳ ያጋልጣል፤ ያለ እሱ ስህተቱ ወራት ተደብቆ ሊቆይ ይችላል።

ሜምፑል ምደባን ያፈጥናል?

አያፈጥንም። ይህ በጣም የተስፋፋ ስህተት ነው። ሜምፑል_አሎክ በመጀመሪያ የሚሄደው ወደ ተለመደው መዳቢ ነው፤ እሱ ሲያቅተው ብቻ ካስቀመጠው ክምችት ይሰጣል። ሥራው ሜሞሪ ሲያልቅ የዲስክ ጽሑፍ እንዳይቆም ዋስትና መስጠት ነው፦ ፔጅ ለማስለቀቅ ዲስክ ላይ መጻፍ፣ ዲስክ ላይ ለመጻፍ ደግሞ ሜሞሪ ያስፈልጋል፤ ይህን ቋጠሮ የሚፈታው ሜምፑል ነው። የብሎክ ክፍሉ የሚጠቀምበትም ለዚህ ነው። ለፍጥነት ብለው 1000 ኦብጀክት ቢያስቀምጡበት 1000 ኦብጀክት ያለ ሥራ ይቀመጣል።

በአንድ ጊዜ 32 ወይም 64 ኦብጀክት ይፈለጋል። በሉፕ አንድ በአንድ ልመድብ?

በችርቻሮ ከመግዛት በጅምላ መግዛት ይሻላል። ኬሜም_ካሽ_አሎክ_በልክ የጠየቁትን ያህል ፖይንተር ድርድር ውስጥ ሞልቶ ይሰጣል። የመግቢያና የመውጫ ወጪ አንዴ ይከፈላል። የሚመልሰው ወይ የጠየቁትን ሙሉ ቁጥር ወይ 0 ነው፤ ግማሽ የለም። ስለዚህ የስህተት መውጫው ቀላል ነው። ኢንተረፕት ተዘግቶ ባለበት አይጥሩት።

መልቀቂያው ኬሜም_ካሽ_ፍሪ_በልክ እንዲያውም የበለጠ ያተርፋል። በድርድሩ ውስጥ ከአንድ ስላብ የመጡትን እየሰበሰበ በአንድ ላይ ይመልሳቸዋል፤ ዙሪያ ጥምጥሙ ለ16 ኦብጀክት 16 ጊዜ መሆኑ ቀርቶ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይሆናል። የተለያየ መጠን ላላቸው ኬፍሪ_በልክ አለ። የከርነሉ ኔትወርክ ክፍል ራሱ የፓኬት ራስጌዎችን በዚህ መንገድ ያመጣል፤ በ2021 በ5.13 ሲገባ 16 በ16 ነበር። የጅምላውን ልክ ከ16 እስከ 64 ባለው ጀምረው ይለኩት። በጣም ካበዙት ኦብጀክቶቹ ሥራ ላይ ሳይውሉ ከአንደኛው ደረጃ ካሽ ይወጣሉ።

በአንድ ሲፒዩ ተመድቦ በሌላው የሚለቀቀውስ?

የስለብ አቋራጭ በሁለቱም በኩል የሚሠራው ምደባውም መልቀቁም በአንድ ሲፒዩ ሲሆን ነው። ፓኬቱ በሲፒዩ 0 ተመድቦ በሲፒዩ 5 ከተለቀቀ መልቀቁ ወደ ባለቤቱ ስላብ በአቶሚክ ኦፕሬሽን መመለስ አለበት፤ የካሽ መስመሩም በሁለቱ መካከል ይመላለሳል። ሲፒዩ 0 ደግሞ የሰጠው ስለማይመለስለት ሁልጊዜ አዲስ ስላብ ይፈልጋል። የፒንግ ፖንግ ዓምድ ከፍ ብሎ ከታየ ማንኛውም የካሽ ማስተካከያ አይፈታውም።

መጀመሪያ ሥራውን ወደ አንድ ቦታ ማምጣት ይሞከር፦ የኢንተረፕቱን ሲፒዩ ትስስርና ዳታውን የሚያነበውን ፕሮግራም አንድ ሲፒዩ ላይ፣ ቢያንስ አንድ ኑማ ኖድ ላይ ማድረግ። ይህ ኮድ ሳይነካ በቅንብር ብቻ ይሞከራል። ካልሆነ መልቀቁን አጠራቅሞ በጅምላ መመለስ። ለኔትወርክ ድራይቨር ደግሞ በ2018 በ4.18 የገባው ፔጅ_ፑል አለ፤ ለእያንዳንዱ መቀበያ ወረፋ ፔጆችን ይዞ መልሶ ያዞራቸዋል፣ የዲኤምኤ ማፑንም ሳያፈርስ ማቆየት ይችላል። አይኦኤምኤምዩ (የመሣሪያዎችን የሜሞሪ አድራሻ የሚተረጉመው ክፍል) በበራበት ማሽን ፔጁን መመደቡ ሳይሆን ማፑን በየፓኬቱ መገንባትና ማፍረሱ ነው የሚያስለቅሰው።

ለየሲፒዩው የራሱን መሥሪያ ቦታ ባስቀምጥለትስ?

ለጊዜያዊ መሥሪያ፣ ለምሳሌ ለማመቂያ ወይም ለምስጠራ፣ በጣም ጥሩ ነው። በአሎክ_ፐርሲፒዩ አንዴ ይመደባል፣ በጌት_ሲፒዩ_ፒቲአር ይያዛል፣ በፑት_ሲፒዩ_ፒቲአር ይለቀቃል። የሚበላሽባቸው ቦታዎች ሦስት ናቸው። በሁለቱ ጥሪዎች መካከል መተኛት አይቻልም። ያው ቦታ ከኢንተረፕትም የሚነካ ከሆነ ኢንተረፕቱ በመሃል ገብቶ የተጀመረውን ይደመስሳል፤ ለኢንተረፕት የተለየ ቦታ ይስጡ ወይም ኢንተረፕቱን ይዝጉ። በሪል ታይም ከርነል ደግሞ ፕሪኤምሽን መዝጋት ስለማይወደድ ሎካል_ሎክ ነው የሚያዘው። ሜሞሪውንም አስቀድመው ያስሉ፦ 64 ኪሎባይት በ128 ሲፒዩ 8 ሜጋባይት ነው። እንዲህ ያሉ ትልልቅ ቦታዎች በፐርሲፒዩ ክልል ራሱ ባይሆኑ ይመረጣል፤ እዚያ ፖይንተሩን ብቻ አስቀምጠው ቦታውን ለየብቻ ይመድቡ።

ዜሮ ሞልቶ የሚመድበውን ኬዛሎክን በኬማሎክ ብተካው አተርፋለሁ?

ወዲያው የሚሞላ ትልቅ ቦታ ከሆነ፣ አዎ። 4096 ባይት ዜሮ ሞልቶ ወዲያው ፓኬት መገልበጥ ያንኑ ቦታ ሁለት ጊዜ መጻፍ ነው። ለትንሽ ስትራክቸር ግን ልዩነቱ አይታይም፤ ያልተሞላ ፊልድ የሚያመጣው ስህተት ግን ይታያል። ስትራክቸሩ ወደ ተጠቃሚ ፕሮግራም የሚገለበጥ ከሆነ ኬዛሎክን አይንኩ። በፊልዶች መካከል ያለው ክፍተት ውስጥ የቀድሞው ባለቤት ዳታ ቀርቶ አብሮ ይወጣል፤ ይህ የደኅንነት ቀዳዳ ነው።

ለውጡን አድርገው ምንም ልዩነት ካልታየ ኢኒት_ኦን_አሎክ የሚባለውን ይመልከቱ። ከ5.3 ጀምሮ ያለ አማራጭ ነው፤ ከበራ ኬማሎክም ዜሮ ይሞላል። ለልኬት ያህል ከርነሉን ኢኒት_ኦን_አሎክ=0 ብሎ ማስነሳት ይቻላል። ለደንበኛ በሚሄድ ማሽን ላይ ግን ይህን ጥበቃ ለጥቂት በመቶ ብለው አያጥፉ።

ትልቅ ቦታ፣ ለምሳሌ 256 ኪሎባይት፣ በምን ልመድብ?

ዲኤምኤ የማያስፈልገው ከሆነ በኬቪማሎክ። በመጀመሪያ ተከታታይ ፔጅ ይሞክራል፣ ካጣ ወደ ቪማሎክ ይዞራል፤ መልቀቂያው ኬቪፍሪ ነው። በቀጥታ ኬማሎክ ከተጠቀሙ 256 ኪሎባይት 64 ተከታታይ ፔጅ ይፈልጋል። ከ8 ፔጅ በላይ የሆነ ተከታታይ ጥያቄን ከርነሉ ውድ ብሎ ስለሚያየው ለመክሸፍ አይቸገርም። ማሽኑ አዲስ ሲነሳ ያለችግር ይሠራል፤ ለሳምንታት ከሠራ በኋላ ሜሞሪው ተበጣጥሶ ይከሽፋል። ቡዲኢንፎ ፋይል ላይ በስተቀኝ ያሉት ዓምዶች ወደ 0 ከወረዱ ምልክቱ ይህ ነው።

ቪማሎክ በደራው መስመር መኖር የለበትም። የፔጅ ሠንጠረዥ መገንባት አለ፣ ሲለቀቅ ደግሞ የሁሉንም ሲፒዩ ቲኤልቢ (የአድራሻ ትርጉም ማስታወሻ) ማጽዳት ይመጣል። አንዴ መድበው ያቆዩት።

አርሲዩ የሚጠቀም ኮድ ላይ መልቀቁ ነው የሚያዘገየው። ምን ላድርግ?

ሲንክሮናይዝ_አርሲዩ ጠርቶ ከዚያ ኬፍሪ የሚያደርግ ኮድ በየመልቀቁ ሚሊሰከንዶች ይጠብቃል። በኬፍሪ_አርሲዩ ይተኩት፤ ስትራክቸሩ ውስጥ 16 ባይት የሆነ አርሲዩ_ሄድ ማስገባት ይጠይቃል፣ በምላሹ ከርነሉ ፖይንተሮቹን አጠራቅሞ በጅምላ ይለቃቸዋል። 16 ባይቱ ስትራክቸሩን ወደ ቀጣዩ ቁና እንዳያሻግረው ግን በፓሆል ያረጋግጡ፤ 248 የነበረ 264 ይሆንና 512 ይይዛል።

ዴቭኤም_ኬማሎክን በየጥያቄው መጠቀም ይቻላል?

አይቻልም። እያንዳንዱ ምደባ ከመሣሪያው ዝርዝር ላይ ይታሰራል፣ የሚለቀቀውም መሣሪያው ሲላቀቅ ነው። በደራ መስመር ላይ ከገባ ማሽኑ እስኪጠፋ የሚያድግ ሜሞሪ ይሆናል። ቦታው መሣሪያው ሲገኝ አንዴ የሚጠራው ፕሮብ ፈንክሽን ውስጥ ነው።

ለውጤን ከጨረስኩ በኋላ ምን ላረጋግጥ?

ያው ከርነል፣ ያው ቅንብር፣ የሲፒዩው ፍጥነት በ«ፐርፎርማንስ» ተቆልፎ፣ ቢያንስ አምስት ጊዜ በፊትና አምስት ጊዜ በኋላ ይለኩ። አማካይ ብቻ ሳይሆን የዘገዩትን ጥቂት ጥያቄዎችም ይመልከቱ፤ ምደባን ማስወገድ ብዙ ጊዜ አማካዩን በጥቂቱ፣ የዘገዩትን ግን በጣም ይቀይራል። «ስላብቶፕ»ን ከፍተው ለአንድ ቀን ያህል ጭነት ላይ ይተዉት፤ የኦብጀክቱ ቁጥር እየጨመረ የማይወርድ ከሆነ መልሶ መጠቀሙ ውስጥ የተረሳ መልቀቅ አለ። ከ6.10 ጀምሮ አሎክኢንፎ የሚባል ፋይል የትኛው የኮድ መስመር ስንት ባይት እንደያዘ ያሳያል፤ የምደባ ፕሮፋይሊንግ አማራጭ ከበራ ይህን ፍለጋ በእጅጉ ያሳጥራል።

ከዚያ ፌይልስላብን ያብሩ። ምደባዎችን ሆን ብሎ በሚሰጡት ዕድል ያከሽፋል። ከ1 በመቶ ጀምረው ከፍ ያድርጉ። ምደባን ከቦታ ቦታ ያዛወረ ለውጥ የስህተት መውጫዎቹንም አዛውሯል፤ ሁለት ጊዜ የሚለቅ ወይም ያልተመደበ የሚነካ መውጫ ካለ በካሳን ከርነል ላይ ፌይልስላብ እየሮጠ ያኔውኑ ይወጣል።